“ከገጠመ ሠራ” ያለው ማነው?

ከሳሪስ ቁልቁል ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም አቃቂን አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ ካሉት የከባድ መኪና ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ “ሞተሪኖዬ ተቃጠለ፣ የዚህኑ ዓይነት ከየት ላግኝ?” ብትሉ ጥያቄያችሁ ራሱ ያስቃቸዋል። “የዚህኑ ዓይነት ምን ያደርግልሃል? ሃያ አራት ቮልት ይሁን እንጂ ከገጠመ ሠራ!” ትባላላችሁ። መካኒኩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ባለንብረቱም ይህንኑ ይላል፤ ሾፌሩም ይላል፤ ሶማሌ ተራ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴማ እንጀራው ስለሆነ በመሐላ ጭምር ይላል። ሲባል ሲባል ኖሮ ከሙያ ምክርነት አልፎ ሕግ ሆኗል።

ሕግ መሆኑ ሳያንስ ይሞገሳል። ከሲኖ ገልባጭ የወረደ ሞተሪኖ አሮጌ ቮልቮ ላይ ታስሮ ሞተሩ ሲነሳ ከበው የቆሙት ሁሉ ደስ ይላቸዋል። “የኛ ልጆች እኮ ጭንቅላት አላቸው፤ ፈረንጅ ይህን ቢያይ ይደነግጣል” ይባላል። ችግር ያስተማረን ብልሃት ነው ተብሎም ይደመደማል። የምከራከረው ከዚህ ውዳሴ ጋር ነው። የሞተሩ መነሳት ሥራው ለመሳካቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ ደካማው እሱ ነው። ብልሃት እየተባለ የሚወደሰውም በአብዛኛው ሳይለኩ መድፈር ነው።

አቋሜ እንዳይዛባ ግን ከወዲሁ ልናገር። ሞተሪኖ ከአንዱ ሞተር አውርዶ ለሌላው መግጠምን አልቃወምም። የጭነት መኪና ስም በየአገሩ ይለያያል እንጂ ሞተሪኖ ሠሪው በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ቦሽ፣ ዴልኮ ሬሚ፣ ፕሬስቶላይት፣ ሚትሱቢሺ፣ ኒኮ፣ ሳዋፉጂ እያልን ብንሄድ ዋና ዋናዎቹ ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ አንድ ሞተሪኖ በብዙ መኪና ላይ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። “ኦሪጅናል ካልሆነ አትንኩት” የሚሉት አስመጪዎችም ለዚህ ነው የማያሳምኑኝ። ኦሪጅናል የሚሉት ዕቃ ሳጥኑ ላይ የመኪናው ስም የታተመበት የሌላ ፋብሪካ ሥራ መሆኑን እነሱም ያውቃሉ።

ሲኖን እንውሰድ። አገራችንን ባጥለቀለቀው የሲኖ ሆዎ ውስጥ የምናገኘው ደብልዩዲ 615 የሚባለው 9.7 ሊትር ሞተር ሥረ መሠረቱ የኦስትሪያው ሽታየር ነው። ቻይና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የማምረት ፈቃዱን ወስዳ በተለያዩ ፋብሪካዎቿ ሠራችው፤ ለዚህ ነው ሻክማን ላይም የምናየው። ሁለቱም ይህን ሞተር ከያዙና የቮላኖ ጥርሳቸው አንድ ከሆነ ከሻክማን የወረደ ሞተሪኖ ለሲኖ ማዋል ዝውውር እንኳን አይባልም። በአንጻሩ ሁለት ሲኖዎች ጎን ለጎን ቆመው አንደኛው ደብልዩዲ 615፣ ሌላኛው በጀርመኑ ማን ቴክኖሎጂ የተሠራውን ኤምሲ 11 የያዘ ሊሆን ይችላል። በር ላይ የተለጠፈው ስም አንድ ነው፣ ሞተሩ ግን ለየቅል ነው። ኢቬኮም እንዲሁ ነው፤ የድሮው 8210 እና የኋለኛው ከርሰር በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የተለያዩ ሞተሮች ናቸው። “የሲኖ ሞተሪኖ”፣ “የኢቬኮ ሞተሪኖ” ብሎ መገበያየት ራሱ የስህተቱ መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ ጥርሱ እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። ቁልፉ ሲዞር ከሞተሪኖው አፍንጫ ያለችው ትንሿ ፒኞን ወደፊት ትወረወርና የቮላኖውን ጥርስ ነክሳ ያን ግዙፍ ሞተር ታዞራለች። የአውሮፓ ከባድ መኪናዎች ፒኞን በብዛት የሚቀረጸው ሞዱል 3 በሚባለው የሜትሪክ ልክ ነው። የአሜሪካ ሞተሮች በኢንች ሥርዓት ይሄዳሉ፤ ከተለመዱት አንዱ ስምንት ፒች ነው። ወደ ሜትሪክ ሲመነዘር ሞዱል 3.175 ይሆናል። 3 እና 3.175 በዓይን ማን ይለያቸዋል? ከአንዱ ጥርስ መሃል እስከ ቀጣዩ ጥርስ መሃል ያለው ርቀት ሲሰላ በመጀመሪያው 9.42፣ በሁለተኛው 9.97 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ዘይት በጠጣ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ቢጋደሙ መንትያ ይመስላሉ፤ የጥርሳቸው ቁጥርም እኩል አሥራ አንድ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ሁለቱን አፍንጫ ለአፍንጫ ያስጠጋቸዋል፣ አውራ ጣቱን ጥርሱ ላይ ያስኬዳል፣ “ያው ናቸው” ይላል። ቀሪው ሥራ ሁሉ በዚች የአውራ ጣት ፍርድ ላይ ይቆማል።

“ታዲያ ለምን ሠራ?” የሚል አይጠፋም። የሚሠራውማ በሞተሪኖና በቮላኖ ጥርስ መካከል ሆን ተብሎ ጭላንጭል ስለሚተው ነው። ፒኞኗ በእያንዳንዱ ማስነሻ ሮጣ ገብታ ሮጣ መውጣት ስላለባት እንደ ካምቢዮ ጥርስ ተጣብቃ እንድትኖር አልተፈለገም። ያ ጭላንጭል ልዩነቷን ውጦ ያስተናግዳታል፤ ስህተቱም የሚደበቀው በዚሁ ነው። ጥርሱ በሙሉ ፊቱ መሸከሙ ቀርቶ በጫፉ ይሸከማል። ጫፉ ይላጫል፣ ከተላጨ በኋላ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ደግሞ ጎረቤቱን ይመታል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይሆንም። መኪናው ጋራዡን ለቆ ሲወጣ ሞተሩ እያጓራ ነው፤ መካኒኩ ተከፍሎታል፤ ባለንብረቱ በርካሽ ተገላገልኩ ብሏል።

ሁለተኛው ጣጣ የመሃል ርቀት ነው። በሞዱል 3 የተቀረጸች ፒኞን አንድ ጥርስ በጨመረች ቁጥር ስፋቷ በ3 ሚሊ ሜትር፣ ከሞተሪኖው መሃል እስከ ቮላኖው መሃል የምትፈልገው ርቀት ደግሞ በደምሳሳው በ1.5 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። አሥር ጥርስ ባለበት አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ ባለበት አሥራ ሁለት የሚያስገባ ሰው ይህን ርቀት ከየት ያመጣዋል? ይታወቃል፤ ሞረድ አንስቶ የቡሎኑን ቀዳዳ ወደ ጎን ያሰፋዋል። ቀዳዳው እንቁላል ይሆናል። የሞተሪኖውን አንገት ቤቱ ውስጥ አስተካክሎ የሚያስቀምጠውን ክብ ትከሻም ካላስገባ ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስልጠዋል። ያቺ ትከሻ ለጌጥ አልተሠራችም። ሞተሪኖውን ቦታው ላይ የምትይዘው እሷ ናት፣ ቡሎኖቹ የሚያጠብቁት ብቻ ናቸው። እሷ ከተላጠች ሸክሙ በሙሉ ቡሎኖቹ ላይ ይወድቃል፤ እነሱም ይላላሉ፣ ይቆረጣሉ፣ አለዚያ የሞተሪኖው ጆሮ ይሰነጠቃል። ከዚያ “ዕቃው ቻይና ነው” ይባላል። ቻይናን ምን አገባት?

የዝምታው ርቀትም አለ። ሞተሪኖው ሥራ ላይ በማይሆንበት ጊዜ ፒኞኗ ከቮላኖው ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቃ መቀመጥ አለባት። አፍንጫው የረዘመ ሞተሪኖ ከተገጠመ ጥርስ ለጥርስ ሊነካካ ይችላል፤ ያጠረ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ በግማሽ ጥርስ ይሸከማል። የጋራዡ መድኃኒት ሮንዴላ መደራረብ ነው። ሮንዴላ መደረቡ ነውር የለውም፤ ለዚሁ ተብሎ የሚመረት ልባድ አለ። ነውሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሳይለኩ እጅ የገባውን መደርደሩ ነው።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚከፈለው ቮላኖው ላይ ነው፤ ክርክሬም ከሁሉ በላይ የሚያርፈው እዚህ ነው። ባለአራት ምት ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ በፈለገው ቦታ አይቆምም፤ የታመቀው አየር ስለሚመልሰው በአንድ ዙር ውስጥ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ አካባቢ ይቆማል። ባለአራት ሲሊንደሩ በሁለት። ስለዚህ ፒኞኗ ሁልጊዜ የምትነክሰው እነዚያኑ ጥርሶች ነው። ካምቢዮው ወርዶ፣ ፍሪሲዮኑ ተፈቶ ቮላኖው መሬት ላይ ሲጋደም ታሪኩ ይነበባል። ዙሪያውን ያለው ጥርስ ደህና ሆኖ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ አይጥ የቆረጠመው ይመስላል፤ የጥርሱ አናት ወደ አንድ ጎን ተጠፍጥፎ ከጠርዙ የብረት ከንፈር አውጥቷል። ሾፌሩ “አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ይንጫጫል” የሚለው ለዚህ ነው። መልካሙ ጥርስ ላይ ሲቆምለት ይነሳል፣ የተበላሸው ላይ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ሞተሩን በብረት ገፋ ያደርግለታል።

እንግዲህ ሒሳቡን አስቡት። ሞተሪኖ በሁለት ወይም በሦስት ቡሎን የሚታሰር፣ አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ተኝቶ የሚያወርደው ዕቃ ነው። የቮላኖ ጥርስ ለመቀየር ግን ካምቢዮ መውረድ አለበት፣ ፍሪሲዮን መፈታት አለበት፣ መኪናው ሥራ መፍታት አለበት። ርካሹን ለማዳን ውዱን የበላ ሰው ቆጣቢ ተብሎ ሲመሰገን እየሰማን ነው።

ከተቃዋሚዎቼ ክርክር ጠንካራውን ልጥቀስና ልመልስ። “አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ትጽፋለህ፤ ዶላር የለም፣ ዕቃ የለም፣ ቢገኝም አይቀመስም” ይላሉ። እውነት አላቸው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ ለመኪና ባለንብረት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል የሚለውን ተረትም ይጨምሩበታል። እኔም የምለው ይህንኑ ይዤ ነው። ዶላር የሞላው ሰው ቢሳሳት ሌላ ይገዛል። የቮላኖ ጥርስ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ሲገኝም በውድ በሚሸጥበት አገር ያለውን የቮላኖ ጥርስ በማይመጥነው ፒኞን ማስበላት ከየትኛው ድህነት የመጣ ጥበብ ነው? እጥረት ለመለካት የሚያስገድድ ምክንያት ሆኖ ሳለ እኛ ላለመለካት ሰበብ አደረግነው።

“መንገድ ላይ ስትቀርስ?” የሚለው ሌላው ነው። ይህኛው ይገባኛል። የወጪና ገቢ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ በላይ በጂቡቲ ያልፋል፤ መንገዱ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አፋር በረሃ ውስጥ ጭነት ይዞ የቆመ ተሳቢ ሾፌር ያገኘውን ሞተሪኖ አስሮ ቤቱ ቢገባ ማንም አይፈርድበትም። እንዲያውም ሎጊያ ወይም ሚሌ ላይ ያን ያህል መሥራት የቻለ ባለሙያ ይመስገን። ፍርዱ የሚጀምረው ቃሊቲ ከገባ በኋላ ነው። ለማምለጫ የተገጠመው ዕቃ እቤት ከደረሰ ወዲያ ለምን አይወርድም? “ይሠራል እኮ፣ ለምን ትነካዋለህ” ይባላልና። የመንገዱ መፍትሔ የዓመቱ መፍትሔ ሆኖ ይቀራል። ጂቡቲ የአደጋ ጊዜ ሰበብ ትሆናለች እንጂ፣ ጉምሩክ በር ላይ ተራ ሲጠብቅ ለሚውል መኪና ሰበብ ልትሆን አትችልም።

ደግሞ ሞተሪኖው መቀየር ነበረበት ወይ? ይህ ጥያቄ እምብዛም ሲነሳ አልሰማም። ሞተሩ ቀስ እያለ ሲዞር የመጀመሪያው ፍርድ “ሞተሪኖው ሞቷል” ነው። ቴስተር አውጥቶ፣ ሞተሩ በሚዞርበት ቅጽበት ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ራስ ስንት ቮልት እንደሚጠፋ የሚለካ ከአሥር አንድ አይገኝም። ከ24 ቮልት ውስጥ ሁለቱ ቮልት በዛገ ኬብልና በላላ የመሬት ሽቦ ላይ ከቀሩ ሞተሪኖው የሚያገኘው ጉልበት በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከሻሲ ወደ ሞተር የምትሄደውን ያቺን የመሬት ሽቦ ፈትቶ በብሩሽ ማጽዳት ሲቻል፣ ደህናውን ሞተሪኖ አውርዶ የሌላ ሞተር መግጠም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የወረደው ደህና ሞተሪኖስ የት ይሄዳል? ሶማሌ ተራ። ከዚያም “ከገጠመ ሠራ” ተብሎ ለሌላ ሰው ይሸጣል።

ከፍታውንም አንርሳ፤ አቃቂ ላይ በተለይ። ናፍጣ በካንዴላ አይነድም፤ የሚነደው ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ በሚያወጣው ሙቀት ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከጂቡቲው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል። ጠዋት ደግሞ ይበርዳል። ስለዚህ ሞተሩ በቂ ሙቀት እንዲያገኝ ፈጠን ብሎ መዞር አለበት፤ በዝግታ ከዞረ የታመቀው አየር በቀለበቶቹ ያመልጣል፣ ሙቀቱም ወደ ብረቱ ይሰርጋል። ከትንሽ ሞተር ወርዶ ለትልቅ ሞተር የታሰረ ሞተሪኖ ታች ቆላ ላይ በአንድ ንክኪ ሲያስነሳ ውሎ፣ አቃቂ ሲያድር ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ደብረ ብርሃን ቢያድርማ የባሰ ነው። ሾፌሩ ባትሪውን ይራገማል፣ ባለንብረቱ ባትሪ ይገዛል። አይሱዙ ኤንፒአር ላይ ያለው 4.3 ወይም 4.6 ሊትር ሞተርና የ11.5 ሊትሩ የድሮ ፊያት ኤንትሬ ለመዞር እኩል ጉልበት እንደማይጠይቁ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱም ሞተሪኖዎች ላይ “24 ቮልት” ተብሎ ቢጻፍም አጠገቡ የተጻፈው ኪሎ ዋት ይለያያል። ያን ቁጥር የሚያነብ ግን የለም።

ቮልቱ ራሱ የማይገጥምበት ጊዜም አለ። የ12 ቮልት ሞተሪኖ የ24 ቮልት መኪና ላይ ሲታሰር ለጊዜው እንደ ጉድ ያዞራል፤ “ይኼ ነው ሞተሪኖ!” ይባልለታል፤ ሳይውል ሳያድር ይቃጠላል። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ሌላ መላ አላቸው፤ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መስመር ስበው 12 ቮልት ይሰጡታል። መላው ጎበዝ ይመስላል። ነገር ግን ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች የሚሞላው በአንድ መስመር ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው አይጎድልም፣ ሲሞሉ ግን እኩል ነው የሚሞሉት። ያልጎደለው ይፈላል፣ የጎደለው መቼም አይሞላም። በጥቂት ጊዜ ሁለቱም ባትሪ ወጪ ይሆናል። ቦቴ ላይ ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ። አንዳንድ የነዳጅ ቦቴዎች ሞተሪኖ ለጥንቃቄ ሲባል አሉታዊ መስመሩ ከአካሉ ተለይቶ በራሱ ኬብል የሚመለስ ነው፤ በእሱ ፈንታ በአካሉ የሚመልስ ተራ ሞተሪኖ ሲታሰር ያ ጥንቃቄ በሙሉ ይፈርሳል። እዚህ ላይ የቮላኖ ጥርስ ሳይሆን የሰው ነፍስ ነው ያለው።

እውነተኛ ብልሃት የለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አለ፤ ግን የሚጨበጨብለት ያ አይደለም። ስድስት ሲሊንደር ሞተር ላይ ሦስት ቦታ የተበላውን የቮላኖ ጥርስ ቀለበት፣ አዲስ ከመግዛት ይልቅ አሙቀው አውጥተው በ60 ዲግሪ አዙረው የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ። የተበላው ጥርስ ሞተሩ ከማይቆምበት ቦታ ይሄዳል፣ ጤነኛው ይተካል፤ ሞተሩም ያለ አንድ ሳንቲም የመለዋወጫ ወጪ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ለባለአራት ሲሊንደሩ 90 ዲግሪ ነው። ይህን የሠራ ሰው ሞተሩ የት የት እንደሚቆም አስቧል፣ ዲግሪውን ለክቷል። ሌላው ግን ያንኑ ቀለበት ዝም ብሎ ይገለብጠዋል። የጥርሱ መግቢያ ጠርዝ በአንድ ወገን ብቻ ተከርክሞ የተሠራው ፒኞኗ በቀላሉ እንድትገባ መሆኑን ሳያይ ገልብጦ ያልተከረከመውን ወገን ይሰጣታል፤ እሷም እየተጋጨች ትኖራለች። በማሞቁ ላይም እንደዚሁ ነው። ቀለበቱ ቮላኖው ላይ ለመውደቅ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይበቃዋል፤ ብረቱ ገለባ መልክ ሲይዝ ማቆም ነው። በኦክስጅን እሳት ሰማያዊ እስኪሆን የጠበሰው ሰው የጥርሱን ጥንካሬ አውጥቶ ጥሎታል። ሁለቱም ቀለበቱን አወለቁ፣ ሁለቱም መለሱ፤ ከውጭ ለሚያይ አንድ ሥራ ነው። በእኛ ሠፈር ሁለቱም እኩል “እጁ የተባረከ” ይባላሉ።

በዚህ ጉዳይ አቃቂ የተለየ ሰበብ የላትም። በደርግ ዘመን የተቋቋመውና በኋላ አቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ተብሎ በሜቴክ ሥር የገባው የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካ እዚሁ ነው ያለው። የአገሪቱን መለዋወጫ በአገር ውስጥ ለመሥራት ታስቦ የተተከለው ፋብሪካ አጥሩ ሥር፣ የጥርስ ልክ በአውራ ጣት ይፈረዳል። ፋብሪካው የታሰበለትን ያህል ሠራ አልሠራ ሌላ ክርክር ነው፤ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ይፈልጋል። እኔ የምለው፣ ብረት መለካት ለዚህ ሠፈር ባዕድ አይደለም ነው። ካሊፐር መያዝ ቴክኒክና ሙያ ደጃፍ የረገጠ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ተምሮት የመጣውን ካሊፐር ጋራዡ ውስጥ ሲያወጣ “አንተ ደግሞ መሐንዲስ ነህ እንዴ” ብለው የሚስቁበት ታላላቆቹ ናቸው። ልጁም ይማራል፤ ካሊፐሩን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ አውራ ጣቱን ያወጣል።

መለካቱ ደግሞ ጊዜ አይወስድም፤ “ጊዜ የለም” የሚለው ሰበብ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ጥርሱን መቁጠር፣ የወረደችውና የምትገባዋ ፒኞን ላይ ሁለት ጥርስ አቅፎ በካሊፐር መለካት፣ ከፍላንጁ ፊት እስከ ፒኞኗ ጫፍ ያለውን ርቀት ማየት፣ የክብ ትከሻውን ስፋት መያዝ፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ ማረጋገጥ፣ የተጻፈውን ቮልትና ኪሎ ዋት ማንበብ። ቡና ተፈልቶ አንደኛው ሳይቀዳ ያልቃል። ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ያ ግማሽ ቀን ሲጠፋ ማንም ጊዜ የለም አላለም።

ነጋዴውም ከዚህ አያመልጥም። ሶማሌ ተራ የሚደረደረው ሞተሪኖ ከየትኛው ሞተር እንደወረደ የሚታወቀው በወረደበት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወላጅ አልባ ነው። ሲወርድ የሞተሩን ስም፣ የፒኞኑን ጥርስ ቁጥርና ቮልቱን በቀለም አካሉ ላይ ቢጽፉበት ምን ያጎድልባቸዋል? “ገዢው አይጠይቅም” ይላሉ። ገዢው የማይጠይቀው “ከገጠመ ሠራ” ብለው ራሳቸው ስላሳመኑት ነው። ባለንብረቱ ግን ከእንግዲህ ቢያንስ አንድ ነገር መጠየቅ ይችላል። ጋራዡ ለሞተሪኖው ብቻ ሳይሆን ለቮላኖው ጥርስም የስድስት ወር ዋስትና በወረቀት ይፈርምለት። የሌላ ሞተር ሞተሪኖ ሲገጥም በአባባሉ የሚተማመን ባለሙያ ይህን ለመፈረም የሚያመነታበት ምክንያት አይታየኝም። ለክቶ የገጠመው ይፈርማል። ያልለካው ግን “እሱን እንኳ አላውቅም፣ ቮላኖው አሮጌ ነው” ማለት ይጀምራል፤ ቮላኖው አሮጌ መሆኑ የታየው ያኔ ገና ነው።